ከበደኝ የማይባልበት ቤት

አዲስ አበባ፣ መርካቶ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሎዛ ወርቁ
ጅዳ

የማህፀኔ በኩር ሎዛዬ፣ ያለሽበት አገር አየሩ ይስማማሽ፣ የሰው ፊት አይክበድሽ። ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ» ይባላል ብለው በማታ ትምህርት አስተምረውኝ ነበር። ዛሬ አልጻፍኩትም። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

የምጽፍልሽ ከሆስፒታል ኮሪደር ነው፤ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ። እህትሽ ሩሀማ ከፊቴ ካለው በር ጀርባ ማሽን ላይ ናት። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ አንቺ ግን «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። መሄድሽንም የነገርሽኝ ከኤርፖርት ደውለሽ ነው፤ አልረሳሁትም። ወረቀት አይዘጋም። ጎረቤታችን ጠሂራ ዕቃ ልታመጣ ወደ ጅዳ ስለምትበር እጅሽ ላይ ታደርስልኛለች።

ከፋሲካ ወዲህ የሩሀማ የዓይን ቆብ አልነሳ አለ። አንዱ እንቅልፍ ነው፣ ሌላው ቡዳ ነው አለ። ቀጥሎ ማኘክ አቃታት። ድምጿም ቀጠነ፤ ሱቅ በር ላይ ቆማ ገዢ ስትጠራ ድምጿ አስፋልት የሚሻገረው ልጅ፣ አጠገቧ ተቀምጬ አልሰማሽም አልኳት። ሐኪሙ ደሟ ውስጥ የገዛ ጡንቻዋን የሚያጠቃ ነገር አለ አለኝ። ማሽኑ አንገቷ ላይ በገባው ቱቦ ደሟን ይስባል፣ ቢጫውን ውሃ ለይቶ ያስቀራል፣ በምትኩ ንጹሕ ፈሳሽ ጨምሮ ይመልስላታል። ምን አለሽ ተራ ውስጥ የሰው ጀሪካን ሳጥብ ያረጀሁ ሴት፣ የልጄ ደም ሲታጠብ ቁጭ ብዬ አየሁ።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ቀን ግን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ነርሷ ሲስተር ሀኒ፣ «ሩሀማ፣ ደህና ነሽ?» አለቻት።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀቻት። «ይመስገን» አለች ልጄ። እኔ ደግሞ ጨዋ ልጅ ወለድኩ ብዬ ኮራሁ። ድንገት ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጣቶቿ እንደ ዶሮ እግር ተኮራምተው አልዘረጋ አሉ፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ጮህኩ። ሀኒ ማሽኑን አቁማ በቱቦው መድኃኒት ሰጠቻት። ጣቶቿ እስኪፈቱ ነፍሴ አልተመለሰችም።

«መቼ ጀመረሽ?» አለቻት።

«ገና መጀመሪያ ላይ። ከንፈሬን ነዘረኝ።»

«እና ስጠይቅሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አልኩሽ እኮ!»

ሀኒ ልትቆጣም ልትስቅም ቃጣት። «እግዚአብሔርን በሆድሽ አመስግኚው፤ ለእኔ ከንፈርሽ ምን እንደሚል ንገሪኝ!» ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የሚጨመረው መድኃኒት የሰውነትን ካልሲየም ያወርዳል አለችን። መጀመሪያ ከንፈር ይነዝራል። ያኔ ከተናገሩ ማሽኑ ይቀነሳል፣ ካልሲየም ይሰጣል፣ ያልፋል። ዝም ካሉ ልብ ድረስ ሊሄድ ይችላል።

«አንቺስ አይተሽ ማወቅ አልነበረብሽም?» አልኳት።

«እትዬ፣ ግፊቷንና የልብ ምቷን ማሽኑ ያሳየኛል። የከንፈሯን መንዘር ግን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም።»

 ሙግት መረታት አልወድም፤ እስካሁን አኩርፌያታለሁ።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ ከበደኝ ካለ ባለዕቃው ሌላ ይጠራል። ስለዚህ ወርቁ ኩንታል ሥር ጎብጦ፣ «ይቺማ ቀላል ናት፣ ጨምሩበት!» ይል ነበር። ያንኑ ቤት ይዞት ገባ። ደረቱን ሲያመው ሳንሰማ ሞተ። እኔም ለቀስተኛ ፊት «አንድ ቀን ከበደኝ ሳይል» እያልኩ አወደስኩት፤ እናንተም ቆማችሁ ሰማችሁ።

ትናንት ማሽን የሌለባት ቀን ስለነበር እቤት ሩሀማን አስቀምጬ፣ «በይ፣ ከንፈሬን ነዘረኝ በይ» አልኳት።

«እማዬ፣ ያሳፍራል። ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ጮክ በይ!»

ጠሂራ ከግድግዳው ማዶ፣ «ፋንታዬ፣ ልጅቷን ምን እያደረግሻት ነው?» ብላ ጮኸች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅን።

ዛሬ ግን ሀኒ ከክፍሉ አስወጣችኝ። «እርስዎ ካሉ እርስዎን እንዳታስደነግጥ ብላ ችላ ዝም ትላለች» አለችኝ። ይኸው በሩን እያየሁ ነው። ማሽኑ ጢጥ ባለ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ጥበቃው «እማማ፣ ይቀመጡ» ይለኛል። እሱ ይቀመጥ! ድምጿ አይሰማም። ዝምታዋ ደህንነት ይሁን ጨዋነት በምን ልወቅ? እስክሪብቶውን የያዝኩት እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው።

ሎዛ! አሁን ሰማኋት። በሩ ተዘግቶ ሰማኋት። «ሲስተር! ከንፈሬን ነዘረኝ! ጣቴንም!» አለች። ያ ገዢ የምትጠራበት ድምጿ ነው፤ ተመልሷል።

«ጎበዝ! ቀነስኩልሽ» አለች ሀኒ። ከዚያ ጸጥ አለ።  ቆይታ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እትዬ፣ በጊዜ ነገረችኝ። አልፎላታል፤ ጣቶቿ እንደተዘረጉ ናቸው» አለችኝ። አመሰገንኳት አልልሽም። «ጮክ ብላ ነው አይደል የተናገረችው?» ብቻ አልኳት።

«እትዬ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ይሰማል!»

ገና ይቀራታል፤ ከነገ ወዲያ እንመለሳለን። እኔም እዚሁ ወንበር ላይ እመለሳለሁ።

አንቺን ግን ከእንግዲህ ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። እጅሽ ምን ይላል? ወገብሽስ? የምትተኚበት ክፍል በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ጠሂራ ስትመለስ የራስሽን ጽሑፍ ላኪልኝ፤ አሁን ማንም ሳያነብልኝ አነባለሁ። እኔ ፈርቻለሁ፤ ከብዶኛል። ይኸው፣ በዚህ ቤት መጀመሪያ ከበደኝ ያልኩት እኔ ነኝ።

የአባትሽን ጉልበት ይስጥሽ፤ ዝምታውን አይስጥሽ።

እናትሽ ፋንታዬ