የገና ተመራቂ

አዋሳ፣ መጋቢት 1978 ዓ.ም.

እናትም እህትም ለሆኑኝ ለእትዬ፣

እንደምን ከረሙ? ወገብዎ ተሻለዎት? የደብረ ብርሃን ብርድስ ለቀቅ አደረገዎት? እኛ ደህና ነን። ፅጌም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋ ደርሶ ጉንጯ ሟሟ እንጂ ደህና ናት። እኔ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ይባረክና ራስዎ ያነባሉ፤ ይኼን ለጎረቤት እንዳያስነብቡ።

የፅጌ አስተማሪዎችና የኮሌጁ መምህራን ተባብረው፣ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እንዳይደናበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምሯቸዋል። የኮሌጁ ሰው እንደ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ያወርደዋል፤ አስተማሪያቸው መምህር ኩማ ደግሞ ምን እንዳመለጣቸው እያየ ያቃናል። ባለፈው ወላጅም ይምጣ ተባለና ነጠላዬን አጣፍቼ ፊት ተቀመጥኩ።

አንዱ ወጣት የኮሌጅ መምህር፣ “አደራ ልጆች፣ የገና ተመራቂ እንዳትሆኑ!” አለ። እኔ “እንዳትሆኑ” የምትለዋን መች ሰማሁ! ልጅዎ ሸዋንግዛው ትዝ አለኝና እልልልል አልኩት። ብድግ ብዬም፣ “የእህቴ ልጅ ነው! በመስከረም ገብቶ በገና ተመረቀ!” አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፅጌ ፊቷን በደብተር ሸፈነች።

መምህር ኩማ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለና፣ “እናቴ፣ እንደሱ የሚባለው በመጀመሪያው ፈተና ወድቆ፣ ለገና ሻንጣውን ይዞ የሚመለስ ነው። የተማሪ ቀልድ ነው” አለኝ በጆሮዬ።

እትዬ፣ ልጁ እኮ አልዋሸንም! “የገና ተመራቂ ሆኜ መጣሁ” ሲልዎት አንገቱን ደፍቶ ነበር ብለው ጽፈውልኝ አልነበር? ጨዋነቱ ነው አልን። እርስዎ በግ አረዱ፣ እኔ እዚህ ድፎ ዳቦ ቆርሼ ሰፈሩን አስጨበጨብኩ። እውነቱን ነገረን፤ እኛ በእልልታ አፉን ዘጋነው። መቼ ነው የምትመደበው ብለን ስናስጨንቀውም “ልመደብ ነው” ብሎ ከቤት ወጣ።

መምህር ኩማን እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ብዙዎቹ እንግሊዝኛው እየሮጠ ሲያልፋቸው ነው የሚወድቁት፤ በርትቶ ካጠና በዓመቱ ተመልሶ የሚገባም አለ፤ የእህትዎም ልጅ ይምጣና ከነፅጌ ጋር ይቀመጥ አለኝ።

ሰሞኑን ከአዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ብሎኬት ሲሸከም አየነው ያሉኝን፣ “የተመረቀ ልጅ ብሎኬት ይሸከማል?” ብዬ ተሳድቤ መልሻቸው ነበር። እሑድ ቱላ ሄጄ ይዤው መጣሁ። ስለ እሱ ሌላ አልጽፍም።

አደራ፣ እንዳያለቅሱ። የት ተመደበ ካሉዎት አዋሳ ይበሉ፤ ውሸት የለበትም። ካሁን ወዲያ ፅጌ ቅዳሜ ብቻዋን አትሄድም። ለምርቃቱ ያሠሩትንም ጋቢ በሰው ይላኩልኝ፤ የሐይቁ ነፋስ ማታ ማታ ይበርዳል፣ እጁ የቆሰለ ሰው ደግሞ ብርድ አይችልም።

ሥላሴ ጉልበትዎን ያጽኑልዎት፣ የልጅዎን ወግ ማዕረግ ያሳዩዎት። እልልታዬን እስከዚያው ቆልፌበታለሁ።

ያሳደጓት ታናሽዎ