በር ለማንኳኳት የበቃው ድርድር

ለክቡር የእስረኛ ዜጎች ጉዳይ ዋና ተደራዳሪ፣
በዋናው ከተማ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነለስላሳው ወንበርዎ እንደምን ከረሙ? እኔ እዚህ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ዳርቻ፣ ነፋሱ ጣራዬን እስካልወሰደው ድረስ፣ ደህና ነኝ።

የልጅ ልጄ ሎሬታ በጋዜጠኝነቷ በሰው አገር ከታሰረች ወዲህ፣ የሚጎበኛት ሰው እንዲገባ ስላካሄዱት ድርድር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ክረምቱን ሙሉ የተደራደሩት ስለ ጠረጴዛው ቅርጽ ነበር። ክብ እንዲሆን በመስማማታችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔም የማድ ቤቴን ጠረጴዛ በመጋዝ ክብ ላደርገው አስቤ ነበር፤ የሚቀመጥበት ሰው የለም ብዬ ተውኩት።

፪. ቀደም ሲል «ከኤምባሲሽ ነን» ብለው የቀረቧት ሰዎች መርማሪዎች ሆነው መገኘታቸውን አብሯት ታስሮ የተፈታው ፎቶ አንሺ ነግሮናል። ስለዚህ ሊጎበኛት የተመደበው ባልደረባዎ ሚስተር ዊትኮም ከአገር ቤት መምጣቱን ሎሬታ በምን እንደምታምነው ሲጠይቀኝ፣ «የኔ ልጅ፣ እንዳታንኳኳ! ዝም ብለህ ግባና ‹ምን ተሠርቷል፣ ርቦኛል› በላት» አልኩት። በእኛ መንደር የሚያንኳኳ ፖሊስ ነው፤ ጎረቤት ገብቶ ድስት ይከፍታል። እሱም «አባባ፣ መቼም ቀልድ አያልቅብዎትም!» ብሎ ሳቀ። ዕድሜዬን ስቀልድ ስለኖርኩ አልፈርድበትም።

፫. ሚስተር ዊትኮም በተፈቀደለት ቀን ክራቫቱን አሳምሮ፣ የእስር ክፍሏን በር በጨዋነት አንኳኳ። ሎሬታም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ለእናንተ የምነግራችሁ የለኝም» አለች። አሳሪዎቿ «ይኸው፣ ጎብኚ አልፈልግም ብላለች» ብለው በሩን ዘጉ፤ እርስዎም «ጉብኝቱን ያልተቀበለችው ራሷ ናት» ብለው በማኅተም ጻፉልኝ። ማኅተሙ ያምራል።

ክቡርነትዎ፣ ልጅቷ አገሯ የረሳት መስሏት ተቀምጣለች። ድርድሩ እንደገና ሊጀመር መሆኑን ሰምቻለሁ። ጠረጴዛውን ይተዉትና አንዲት ነገር ብቻ ይለምኑልኝ፦ ሳያንኳኩ መግባት። ካልሆነም እኔን ይላኩኝ፤ በዕድሜዬ ሙሉ አንድም በር አንኳኩቼ አላውቅም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ የምመኝ፣ ከአክብሮት ብዛት ወገቤ የጎበጠ፣

ሲልቬስተር ሃንራሃን

ማስታወሻ፦ ሎሬታ ከታሰረች ወዲህ ጎረቤቶቼ እንኳ ምን እንደሚሉኝ ጨንቋቸው ማንኳኳት ጀምረዋል። እርስዎ ግን መፈታቷን ሊነግሩኝ ከመጡ እንዳያንኳኩ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ዓሣውም ተጥዷል። ሌላ ወሬ ከሆነ እንደ ልማድዎ በጨዋነት ያንኳኩ፤ እኔም ማን እንደመጣ አውቄ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።