የላላው የፊት ፍሬን

ውድ ልጄ ሙፈሪያት፣

ሰላምታውን በኋላ አደርሰዋለሁ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ፦ የብስክሌትሽ የፊት ፍሬን አይይዝም። ነገ ጠዋት እንዳትወጪበት። ያላላሁት እኔ ነኝ፤ ለጉዞው ሳጥኑ ውስጥ ከመክተቴ በፊት፣ አውቄ።

አሁን ተቀመጪና ቀሪውን አንብቢ።

«ደግሞ አባዬ አዲስ ዘዴ አመጣ» እንደምትይ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። እንዳትሄጂ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዴ ደረቴን ወጋኝ አልኩ። አንዴ ፓስፖርትሽን ከመሳቢያ አንስቼ አሮጌው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው አክስትሽን ሀሲባን፣ ብቻዋን ሄዳ ስለጠፋች ሴት የፈጠራ ወሬ እንድትነግርሽ አደረግሁ። ሦስቱንም ነቃሽብኝ። ስለዚህ ዛሬ «ፍሬኑ ችግር አለበት» የሚል አጭር መልእክት ቢደርስሽ ስቀሽ ታልፊዋለሽ። የምታምኚኝ ለማንም ያልነገርኩትን ከነገርኩሽ ብቻ ነው።

የአሜሪካው ስልክሽ ዝግ ነው። የፈረንሳዩን ቁጥር ለማናችንም አልላክሽም፤ እንደተለያየንበት ሁኔታ አልፈርድብሽም። ወንድምሽ አብዱልሀፊዝ ዛሬ ጠዋት ከአፕል ቫሊ መጥቶ የማደሪያሽን ቁጥር አራት ጊዜ ደወለ። የሚያነሳው በፈረንሳይኛ የሚለፈልፍ ማሽን ነው። ኢሜይል ግን አላቸው። ይህን ደብዳቤ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ይልከዋል፤ በላዩም በእንግሊዝኛ «ዛሬ ለምትገባው እንግዳ፣ ሳትተኛ ስጧት» ብሎ ይጽፍበታል። እናንተ ጋ አሁን ወደ ማታ ነው። እኔ ጋ ገና ረፋድ ነው፤ ልጁ አጠገቤ ቆሞ «አባዬ፣ ፍጠን እንጂ» እያለኝ ነው።

ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሽውን የጉዞሽን ወረቀት የሄድሽ ዕለት ልቀደው እጄን ዘርግቼ ነበር። አልቀደድኩትም። ስምንት ቀን፣ ስምንት መንደር፣ ዶርዶኝ የሚባል የፈረንሳይ ገጠር። «መኪና የማይበዛባቸው ትንንሽ መንገዶች ናቸው፣ ኮረብታ ለኮረብታ፣ በእርሻና በዋልነት ዛፍ መሃል። ኳየት ሮድስ ናቸው አባዬ፣ ስትሬስ አታድርግ» ብለሽኝ ነበር። «ፀጥ ያለ መንገድ ማለት ስትወድቂ የሚያነሳሽ የሌለበት መንገድ ማለት ነው» አልኩሽ። «ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ኦኬ?» አልሽና በሩን ዘጋሽው። ያን ጊዜ የተናገርኩት ልረታሽ ብዬ ነው። አሁን ግን ዓረፍተ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚወጣና የሚወርድ መስመር አለ። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ የነገረኝ ለሜሳ ነው፤ ሮቢንስዴል ውስጥ ብስክሌት የሚጠግነው ልጅ። እኔ ሌላ ሰው ወደጠገነው ብስክሌት እንደማልጠጋ ታውቂያለሽ። ትናንት ከሰዓት የሄድኩት ለጎማዬ የውስጥ ካላማዳሪ ልገዛ ብቻ ነው። ብስክሌቴን አየና፣

«ጋሼ፣ የፊት ፍሬኑን ሸጡት እንዴ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት። የፊት ፍሬን ሰው ይገላል።»

«ማን እንደዚያ አለዎት?»

«ማንም አላለኝም። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሳቀ። «እስካሁን የኖሩት ሚኒሶታ ሜዳ ስለሆነች ነው። እሷን ያመስግኑ!»

ተቆጣሁ። አንተ ሳትወለድ ጎማ ስለጥፍ ነበር አልኩት።

«እሺ፣ እንግዲያው እንወራረድ።»

«ውርርድ ሐራም ነው።»

«እሺ አይወራረዱ፤ ብቻ ይንዱ» አለና ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ዳገት ይዞኝ ወጣ። መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። በራሴ ብስክሌት፣ በኋላ ፍሬን ብቻ ወረድኩ። መስመሩን ሦስት ብስክሌት ያህል አልፌ፣ ጎማው ተንሸራቶብኝ ቆምኩ። በእሱ ብስክሌት፣ በሁለቱም ፍሬን ወረድኩ። መስመሩ ላይ ቆምኩ። እንደገና ሞከርኩ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ሞከርኩ። እኔን ታውቂኝ የለ። ሦስቴም ያው ነው።

«የኋላው ያዘገያል እንጂ አያቆምም ጋሼ። የሚያቆመው የፊተኛው ነው። ቀስ ብለው ይጫኑት እንጂ፣ እንደ ጠላት አንገት አይነቁት።»

«ልጄም እንደ እኔ ነው የምትነዳው» አልኩት።

«የት?»

የወረቀትሽን ፎቶ ስልኬ ውስጥ ይዤ ነበር። ለምን እንዳነሳሁት አትጠይቂኝ። ለሜሳ ጣቱን በመጋዙ ጥርስ ላይ አስኬደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሳቁ ጠፋ። «ይሄ እኮ ዳውንሂል ነው፣ ቁልቁለት። የመጀመሪያው ቀን፣ አራት ማይል ሙሉ። ካርታው ላይ መታጠፊያዎቹን አዩዋቸው? አሁኑኑ ይደውሉላት።»

ፍሬንሽን ማላላቴን ግን አልነገርኩትም። ማታም ለወንድምሽ ደውዬ መንገር አፈርኩ። በእኔ እፍረት አንድ ሙሉ ሌሊት ባከነ። ይህንንም እወቂብኝ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ወደ ቦጋለ ልምጣ።

ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የነገርኩሽን ታስታውሺያለሽ። ደሴ አብረን ብስክሌት እንጠግን ነበር፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ያዘ፣ የፊት ጎማው ቀጥ አለ፣ ብስክሌቱ በአናቱ ገለበጠው፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ይህን ታሪክ ለእናትሽ፣ ለአንቺና ለወንድምሽ፣ ለጎረቤት ሁሉ ነግሬያለሁ። ውሸት ነው።

እውነቱ ይሄ ነው። ያን ጊዜ የፍሬን ላስቲክ በገበያ ስለማይገኝ ከመኪና ጎማ ቆርጠን እንሠራ ነበር። ላስቲኩ የሚገባበት የብረት ቤት አንደኛው ጫፉ ዝግ፣ ሌላው ክፍት ነው። ዝጉ ጫፍ ወደ ፊት መዞር አለበት፤ አለዚያ ጎማው ሲሽከረከር ላስቲኩን ጎትቶ ያወጣዋል። ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ ነው የተማርኩት፤ ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ቸኩዬ ነበር። የቦጋለን የፊት ፍሬን ሁለቱንም ቤት በተቃራኒው አዙሬ ገጠምኩት። «ወንድም፣ ይይዛል?» አለኝ። «የኔ እጅ ነው» አልኩት። ይህን ነው ያልኩት፤ ቃል በቃል።

እኔ ከኋላው ነበርኩ። አልተገለበጠም። አልቆም ብሎት ሄደ። የኋላውን እንደጨበጠ፣ እግሩን መሬት እያስነካ፣ ስሜን እየጠራ መታጠፊያውን ስቶ ከመንገዱ ወጣ። ወደ እሱ ስሮጥ አንደኛውን ላስቲክ መንገዱ ላይ አገኘሁት፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ሁለተኛውን። አነሳሁና ገደል ወረወርኳቸው።

እናቱ ምን ገደለው ብለው ሲጠይቁኝ «የፊት ፍሬን» አልኩ። «ያንን ብረት እግዜር ይርገመው» አሉ። እኔ እፊታቸው ቆሜ ነበር። ብረቱ ተረገመ፣ እኔ ዳንኩ።

ሙፈሪያት፣ ውሸት ሃምሳ ዓመት ሲነገር ተናጋሪውም ያምነዋል። እኔ አመንኩት። በስድስት ዓመትሽ ፓርኩ ውስጥ ግራ እጅሽን ወደ ፊት ፍሬኑ ስትሰጂ ጣቶችሽን ቆነጠጥኩ። አለቀስሽ፤ ከዚያ ወዲያ አልነካሽውም። ይኸው ሳጥኑን ሳሽግ «በድንገት ብትነካው ይገለብጣታል» ብዬ ሽቦውን ለቀቅኩት። ላድንሽ ነበር፤ ወላሂ ላድንሽ ነበር። ቦጋለ ግን የሞተው የፊት ፍሬን ስለያዘ አይደለም። የፊት ፍሬን ስላጣ ነው። አንቺንም በዚሁ እጄ፣ በዚያው ዓይነት ብስክሌት፣ ወደዚያው ዓይነት ቁልቁለት ላክሁሽ።

የሚያስፈራኝ መላላቱን ልታውቂ የምትችይበት መንገድ አለመኖሩ ነው። አትነኪውማ። የምትነኪው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የኋላው ሲከዳሽ። ያን ጊዜ እጅሽ ባዶ ይጨብጣል። በዚያ መንገድ ደግሞ ሰው የለም። ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን ስጨፍን አንዴ የአንቺን ጀርባ፣ አንዴ የቦጋለን ጀርባ አያለሁ። ሱብሒ ስሰግድ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፋኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ራስሽ አታጥብቂው፤ እኔ ባሳየሁሽ መንገድም አትሥሪው። የእንግዳ ማረፊያው ሰዎች ባለሙያ ይፈልጉልሽ። ነገ እሑድ ነውና ሱቅ ዝግ ከሆነ እስከ ሰኞ ጠብቂ። ሁለቱንም ፍሬን ይየው፤ የላስቲኮቹንም አገጣጠም። በእኔ እጅ የተሠራ ነው ብለሽ አንዳች ነገር አትለፊ። ሲጨርስ ከብስክሌቱ አጠገብ ቆመሽ ግራውን ጨብጪና ወደ ፊት ግፊው። የኋላው ጎማ ከመሬት ከተነሳ ፍሬኑ ይይዛል። ከዚያ ሜዳ ላይ ተለማመጂ፦ በሁለት ጣት፣ ቀስ ብለሽ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። በመታጠፊያው ውስጥ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት። ይህን የምነግርሽ ትናንት የተማርኩትን ነው፤ መምህሬ ለሜሳ ነው።

ከዚያ ሂጂ። ተመለሺ አልልሽም። ስምንቱንም መንደር ነድተሽ ጨርሺ። ይህን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም። በእኔ ውሸት ምክንያት ጉዞውን ብትተዪ፣ ቦጋለን ሁለተኛ መቅበር ነው።

ስትመለሺ የቦጋለን እህት ምንዳዬን እንፈልጋታለን። ደሴ አለች ይባላል። ስልኩን አንቺ ትደውይልኛለሽ፣ የምናገረው ግን እኔ ነኝ።

ይቅርታ አሁን አልጠይቅሽም፤ ጊዜው አይደለም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ባለሙያው ሲጨርስ፣ ጎማው ሲነሳ ሲታይሽ፣ «ያዘ» ብለሽ ላኪልኝ። ለኔ ካስጠላሽ ለወንድምሽ ላኪ። ሰላምታ አትጨምሪ፤ ያቺ አንዲት ቃል ትበቃኛለች። ቃሏ እስክትመጣ ድረስ ከዚህ ወንበር አልነሳም። ፈርቻለሁ ልጄ። ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አላህ ይጠብቅሽ፤ እኔ አልጠበቅሁሽምና።

አባትሽ ነጅሙዲን
ኒው ሆፕ፣ ቅዳሜ ረፋድ