የ«አንገረብ» ታችኛው ክፍል

ግንቦት 4
ብርዱ ጀመረ። እዚህ የአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ክረምቱ ግንቦት ነው፤ ኮዝሞ ሲቲ በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት አጥንት ይሰብራል። ሱቁን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትን። ዳቦው ዘግይቶ መጣ። ሸሪኬ አብዱልወሀብ ከሾፌሩ ጋር ተጨቃጨቀ፤ እሱ ካልተጨቃጨቀ ቀኑ አይመሽለትም።

ከሰዓት ማናሴ ከአዳማ ደወለ። የመርከባችን ምክትል አዛዥ የነበረው። ዛሬም ድምፁን ስሰማ ተነሥቼ ልቆም ይቃጣኛል… የቀድሞ ባሕረኞች ማኅበር መጽሐፍ ሊያሳትም ነው አለ። «የ‹አንገረብ›ን የጦርነት ታሪክ አንተ ጻፍ። የጭነት ጸሐፊው አንተ ነበርክ፤ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል?»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ግንቦት 7
አራት ገጽ። ከአሰብ ምጽዋ ስንት ጊዜ ተመላለስን? ዱቄት፣ ናፍታ፣ የመድፍ ጥይት፣ አንዴ ደግሞ ሁለት መቶ ፍየል። አንዷ የአዛዡን ካርታ በላችበት። እየጻፍኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

አብዱልወሀብ አየኝ። «አባባ፣ ለጥገኝነቱ፣ ለአሳይለም ነው እንዴ? ከሃያ ዓመት በኋላ ኬዝ ሊከፍቱ?» ዝም ብለህ የስልክ ኤርታይምህን ሽጥ አልኩት።

የመጨረሻው ጉዞ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ነገ።

ግንቦት 11
አልጻፍኩም። ለደም ግፊቴ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተር ፅናት ያገሬ ልጅ ናት፤ ጋሼ እያለች በጨው ትቆጣኛለች። እንቅልፍ ለምን አጡ አለችኝ። ስለ መጽሐፉ ነገርኳት። የመርከቧን ስም ስጠራ መጻፏን አቆመች።

አባቷ አስር አለቃ ገብርኤል እግረኛ ወታደር ነበር። በ82 ምጽዋ ላይ መንጋጋውን ተመትቶ፣ በቃሬዛ «አንገረብ» ላይ ሲያስገቡት አንድ ጓደኛው አይቷል። የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ስሙ የለም። ስለዚህ ከድቷል ተባለ። እናቷን «የከሃዲ ሚስት» ብለው ከካምፕ ቤት አስወጧት። ፅናት ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ።

«ጋሼ፣ ዝርዝሩን የያዘውን ሰው ያውቁታል?»

አላውቀውም አልኩ።

ግንቦት 12
አላውቀውም! ወይ አለማፈር።

ግንቦት 14
እዚህ እንኳ ልጻፈው። ማንም አያየውም።

ወታደር ስንጭን ስም የምንመዘግበው ጋሌጣ፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ስናድል ነበር። መሰላሉ አናት ላይ እቆማለሁ፤ አንድ እሽግ እሰጣለሁ፣ አንድ ስም እጽፋለሁ። ሁለቱም ሥራ ባንዴ ያልቃል። እንኮራበት ነበር። ያን ቀን ጋሌጣው ሊያልቅ ሆነ። ወጥ ቤቱ «ማኘክ ለማይችል አታባክን» አለኝ። መንጋጋውን የተመታ፣ ሆዱን የተመታ፣ ራሱን የሳተ… ሁሉም ሳልሰጣቸው አለፉ። ስላልሰጠሁም ስማቸውን አልጻፍኩም። ልማድ ነዋ! እጄ ጋሌጣ ካልሰጠ አይጽፍም። ሃያ ቃሬዛ? ሃያ አምስት? ታችኛው የጭነት ክፍል አስተኟቸው።

ከወደቡ ብዙም ሳንርቅ ጎናችንን ተመታን። ውሃው ታችኛውን ክፍል ይሞላ ጀመር። የክፍሉ የብረት ክዳን ካልተዘጋ ሁላችንም መስጠማችን ነው። ማናሴ ጮኸ፦ «ታች ሰው አለ?»

ወረቀቴን አየሁ። ወረቀቴን! «የለም ጌታዬ» አልኩ።

የክዳኑ ብሎን ሲጠብቅ ቁስለኞቹ ትዝ አሉኝ። አፌን ከፈትኩ… ዘጋሁት። ከሥር ብረቱን ይመቱ ነበር። ብዙ ቆየ።

አሰብ ላይ አውጥተው ያለ ስም ቀበሯቸው። ሪፖርቱ ግን ከዝርዝሬ ተገልብጦ «የሞተ የለም» ይላል። ዝርዝሩ ልክ ነበራ።

ግንቦት 16
ማናሴ ጋ ደወልኩ። የመጨረሻውን ጉዞ እንዳለ ልጽፈው ነው አልኩት።

«እንዳለ ማለት?»

«ከታች የነበሩትን።»

 

«የለም ብለኸኛል፣ ለገሠ።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ድምፁን እኔም ሰምቻለሁ። ሞተሩ ነው አልኩ…» ከዚያ ተቆጣ። አራት መቶ ሰው አትርፈናል፣ በስተርጅና ልታዋርደኝ ነው፣ ይህን ከጻፍክ መርከቧ ከመጽሐፉ ትወጣለች።

ትውጣ! ዘጋብኝ። አልፈርድበትም፤ እኔ ማን ሆኜ?

ግንቦት 19
ነገርኳት። የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ እያሰረች ነበር።

«ክዳኑ ሲዘጋ ያውቁ ነበር?»

«ሲጠብቅ አወቅሁ።»

«መክፈት ይቻል ነበር?»

«አላውቅም ልጄ። አልጠየቅሁም።»

ግፊቴን ለካች፣ መዘገበች፣ መድኃኒቱን ጨመረች። «አቶ ለገሠ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሌላ ሐኪም ያይዎታል።» ጋሼ ቀረ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። «እናቴ አዋሳ ናት። እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። እኔ አልችልም።» ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ፊቷን አዙራ።

ግንቦት 20
አልደወልኩም።

ግንቦት 24
አልደወልኩም። ለአንዷ ደንበኛ ሁለቴ መልስ ሰጠሁ። አብዱልወሀብ «አባባ፣ አሞዎታል?» አለኝ። አዎ፣ አሞኛል።

ሰኔ 1
መጽሐፉ ያለ «አንገረብ» ይወጣል፤ ማናሴ በአጭር መልእክት አስታወቀኝ። እኔም ያለኝን ሁሉ ጽፌ ጨረስኩ፤ ለፅናት ላክሁላት። የአስር አለቃ ገብርኤል ስም አለበት። የሌሎቹን አላውቅም። አንዳቸውንም አላውቅም።

ከዚያ አዋሳ ደወልኩ። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት። «ማን ልበል?» አሉ፤ ደህና፣ ደስ የሚል ድምፅ። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳደረግሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ከጀርባቸው ሬዲዮ ይሰማል፤ አንድ ሰው መጥቶ አጠፋው።

«ሠላሳ አምስት ዓመት» አሉ በመጨረሻ። «ጥሎኝ ሄደ ብዬ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ረገምኩት። ልጁን እንኳ ስሙን እንዳትጠራብኝ አልኳት። አሁን ማንን ልርገም? አንተን?»

«እኔን ይርገሙኝ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ጀመሩ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።