የሐዊ የአንገት ልብስ

ለውድ እህቴ ለሰናይት፣

እንደምን ከርመሻል ሰኒ? ጤናሽስ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ የአሰላ ብርድ አሁንም አላስተኛ ብሎሻል? አክስታችን እትዬ ፋንታዬስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? አሁንም ደረጃውን እየተቀመጡ ነው የሚወርዱት? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ያቺ አጥር የምትዘል ፍየልስ? ሁላችሁም በያላችሁበት ሰላም ሁኑልኝ። እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናፍቆቴን አልጽፈውም፤ ከጀመርኩት ሌላውን የምጽፍበት ቦታ አይተርፈኝም።

በስልክ እየተያየን ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን የምትይዘው እማዬ ናት። እኔ ከጎኗ ግንባሬ ብቻ ነው የሚታይሽ። ስለዚህ ለብቻሽ ልነግርሽ የምፈልገውን ነገር ሳልነግርሽ ብዙ ጊዜ አለፈ። ጋሼ ጎሳዬ ማክሰኞ ወደ አገር ቤት እንደሚሄዱ ስሰማ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ወሰንኩ። ፖስታው ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። እባክሽ ደብዳቤውን ሳትጨርሺ ፎቶውን አትዪው። አውቅሻለሁ፣ አይተሽዋል። ይሁን፣ ግን አትሳቂ፤ መጀመሪያ አንብቢ።

ጋሼ ለማ የላክሽውን ዕቃ እቤታችን ድረስ አምጥተውልናል። ሽሮው ሻንጣ ውስጥ ትንሽ ፈሶ የጋሼ ለማን ኮት አበላሽቷል፤ እሳቸው ግን ምንም አላሉም። በኪሮሽ የሠራሻቸውን ሁለቱን የአንገት ልብሶች ሳወጣ ቢጫቸው ክፍሉን አበራው። በአንዱ ጠርዝ «ና» በሌላው «ሐ» የሚል ፊደል መሥራትሽን ሳይ ደግሞ «ሐ»ውን በመዳፌ ሸፈንኩት። ጋሼ ለማ በእማዬ ፊት፣ ይሄኛው የናርዲ ነው፣ ያኛው የጓደኛዋ የሐዊ ነው፣ አደራ ብላኛለች አሉ። እማዬ የያዘችውን ፌስታል ቁጭ አደረገችና፣ የቷ ሐዊ? ቤተክርስቲያን ኳየር ውስጥ የምትዘምረዋ? አንቺ ጓደኛ አለሽና ነው የማትነግሪኝ? አለችኝ። ደስታዋን ብታይው ኖሮ! ከሥራ ስትገባ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። እሁድ ቤተክርስቲያን እንሰጣታለን፣ እናቷንም አመሰግናለሁ ስትል ደንግጬ፣ አይ፣ ሐሙስ መጫወቻ ፓርኩ ስለምንገናኝ እዚያ እሰጣታለሁ አልኳት። አንቺም በዚያው ሳምንት ደውለሽ፣ ሁለታችሁ ለብሳችሁ ተነሡና ፎቶውን ለገና ላኩልኝ አልሽ።

ሰኒ፣ ሐዊ ጓደኛዬ አይደለችም።

ሐዊ የምትባል ልጅ አለች፤ እሱ ውሸት አይደለም። ኳየር ውስጥ ከፊት ነው የምትቆመው። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት እጄን ስታጠብ ሹሩባሽ ያምራል አለችኝ። በእንግሊዝኛ ነው ያለችኝ። እኔ መልስ ሳዘጋጅ ወጥታ ሄደች። ከሐዊ ጋር የተነጋገርነው ይሄ ብቻ ነው። የቀረውን በሙሉ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የፓርኩ ባቡር ላይ ሐዊ ጮኸች ያልኩሽ ቀን የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሐዊ አይስክሬሟ ወድቆባት ተካፈልን ያልኩሽም የእኔ አይስክሬም ነው የወደቀው፤ ከማንም አልተካፈልኩም።

ለምን እንደዋሸሁ ላስረዳሽ። እዚህ እንደመጣን በየሳምንቱ ጓደኛ አገኘሽ? ትዪኝ ነበር። አላገኘሁም ስልሽ ዝም ትያለሽ። ያ ዝምታሽ ያስፈራኝ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቷታል ተብዬ ቪዛ ባልከለከል ኖሮ ናርዲ ብቻዋን አትሆንም ነበር ብለሽ ራስሽን የምትወቅሺ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እማዬ ስልኩን ሰጥታኝ ወደ ኩሽና ስትሄድ ሐዊ የምትባል ልጅ አለች ስልሽ ድምፅሽ ተለወጠ። ልክ ከባድ ዕቃ መሬት ላይ ያስቀመጥሽ ይመስል ተነፈስሽ። ከዚያ በኋላ እሷ በተነሳች ቁጥር ሌላ እየጨመርኩልሽ መመለሻው ጠፋኝ።

ፓርኩን ከእኔ ብዙ ሰምተሻል። እማዬ ዕቃ የምታሽግበት ዌርሃውስ ከእሱ ሩቅ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሌሎች ሰዎች ጋር በምንጋራው ቤት ብቻዬን እንድውል ስለማትፈልግ የዓመት ካርድ ገዛችልኝ። ከምድር በታች ባለ ጨለማ ቤዝመንት ውስጥ ከምትውዪ ሰው መሃል ዋዪ ነው ያለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሰው መሃል ነው የምውለው። በሙቀቱ ወራት ሰመሩን ሙሉ፣ አሁን ደግሞ በፈረንጆች ገና እረፍት፣ ጠዋት በመኪና ታወርደኛለች፣ ሺፍቷ ሲያልቅ ትወስደኛለች። የትኛው መጸዳጃ ቤት ማሞቂያ እንዳለው፣ ትኩስ ቸኮሌት የሚሸጥበት ቤት በስንት ሰዓት ሰልፍ እንደማይኖረው፣ የትኛው አግዳሚ ወንበር ንፋስ እንደማያገኘው አውቃለሁ። ዛፎቹ ላይ የሰቀሉት መብራት ማታ ያምራል ይላሉ፤ እኔ ቀን ቀን ስለምሄድ የማየው ሽቦውን ነው።

እዚያ ወንበሮቹ ሁሉ ለሁለት ሰው የተሠሩ አንድ ባቡር አለ። ሽቅብ ይወጣና ቁልቁል ይወረወራል። ብቻቸውን ለመጡ ሰዎች የተለየ ሰልፍ አለው፤ በወንበር ላይ አንድ ሰው ሲጎድል ከዚያ ሰልፍ ወስደው ይሞሉታል። መግቢያው ላይ የምትቆመው ሠራተኛ ስንት ናችሁ? ትላለች፣ እኔ አንድ ጣቴን አነሳለሁ። አሁን አሁን መጠየቁንም ትታዋለች። እኔን ስታይ ራሷ አንድ ጣቷን ታነሳለች። ባቡሩ ቁልቁል ሲወረወር ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ አለ። ስትወርጂ ራስሽን በስክሪን ታያለሽ። የዚህን ዓመት ፎቶዎቼን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ እኔና የሰው አባት፣ እኔና የሰው እህት፣ እኔና የሰው ሙሽራ።

ሐሙስ ዕለት ያሰብኩት እንዲህ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ አጠገቤ ስትቀመጥ ይህን ለአንዴ ልበሽልኝ እላታለሁ፣ ካሜራው ያነሳናል፣ ፎቶውን ሐዊ ናት ብዬ እልክልሻለሁ። ፓርኩ በማግስቱ ለዓመቱ ሊዘጋ ስለነበረ ሌላ ቀን አልነበረኝም። የራሴን ለብሼ የሐዊን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ተሰለፍኩ። መጀመሪያ አጠገቤ የተቀመጠው ማስኩን እስከ ዓይኑ የሳበ አንድ ትልቅ ሰውዬ ነበር። ከዚያ ሽቶዋ የሚያስነጥስ ሴትዮ። ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይ ሰው፤ እኔም አብሬው ጸለይኩ። በአራተኛው አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ መጣች። የአንገት ልብሱን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩት። በእንግሊዝኛ የምለውን ዓረፍተ ነገር በሆዴ ደጋገምኩት። ልጅቷ ግን ከኋላ ወንበር ከተቀመጡት ጓደኞቿ ጋር ዞራ እየሳቀች ስለነበር ባቡሩ ተነስቶ እስኪቆም ድረስ አንድ ጊዜም አላየችኝም። በስክሪኑ ላይ የእሷ ማጅራትና የእኔ የተከፈተ አፍ ብቻ ነው የሚታየው።

ከዚያ ንፋስ ወደማያገኘው ወንበር ሄጄ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ብዙ አይደለም፤ ማስኬ እስኪረጥብ ብቻ።

እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ሚስ ዶሪስ መጡ። ስለ እሳቸው ነግሬሽ አላውቅም፤ ከአንቺ ጋር ሳወራ ቦታውን ሁሉ ሐዊ ይዛው ነበር። ሚስ ዶሪስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ አሮጊት ናቸው። ሐኪም እንቅስቃሴ አድርጊ ስላላቸው የዓመት ካርድ ገዝተው ፓርኩን በየሳምንቱ እየዞሩ ይራመዳሉ። ምንም ነገር ላይ አይሳፈሩም። ከሚያዝያ ጀምሮ በተያየን ቁጥር እጃቸውን ያነሳሉ፣ እኔም አነሳለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ስማቸውን እንኳ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የእኔ ልጅ፣ አውቶቡስ ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ከኋላዬ ሆኖ እንኳ አያመልጠኝም ነበር፤ ምን ሆነሻል? አሉኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ ስናገረው ውሸቱ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ለዚያ ይሆናል የወጣልኝ። እንግሊዝኛዬ ሲሰበር እሳቸው አልጠገኑልኝም፣ ቃሉ እስኪመጣልኝ ጠበቁኝ። ስጨርስ የአንገት ልብሱን ከእጄ ወሰዱና ፊደሉን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ እህትሽ በደንብ ነው የሠራችው፤ አንዲት ክር እንኳ አላመለጣትም አሉ። ከዚያ፣ ፎቶ ነው የምትፈልገው? በይ ተነሺ አሉኝ። ሐኪሙስ? ስላቸው፣ ተራመጂ አለኝ እንጂ አትሳፈሪ አላለኝም ብለው ሳቁብኝ።

መግቢያው ጋ ስንደርስ ሠራተኛዋ እንደለመደችው እኔን አይታ አንድ ጣቷን አነሳች። ሚስ ዶሪስ እጄን ያዙና ሁለት ጣታቸውን አንስተው አሳዩአት። ሰኒ፣ በዚያ በር ስገባ ሁልጊዜ በግራ በኩል ባለው ጠባብ መንገድ ነበር። በዋናው ሰልፍ ገብቼ አላውቅም ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቶሎ አይደርስም። ጓደኛ ያላቸው ሰዎች ያን ያህል እንደሚቆሙ አላውቅም ነበር። እግሬ ቢደነዝዝም እንዳይደርስ ተመኘሁ።

እንግዲህ ፎቶው ይኸው። የአንገት ልብሱ እስከ አፍንጫቸው የደረሰባቸው፣ ዓይናቸው የፈጠጠው፣ እጄን ሰባብረው ሊጥሉት የደረሱት እሳቸው ናቸው። «ሐ» የሚለው በደንብ ይታያል። እኔ ደግሞ አይቼ እንደማላውቀው ሆኜ እየሳቅኩ ነው። ፎቶውን ከልሰሽ ሐዊን አትፈልጊ፤ የለችም።

ስንለያይ የአንገት ልብሱን አጣጥፈው መለሱልኝ። ሙቀቱ ደስ ብሎኛል፣ ግን የእኔ ፊደል አይደለም፤ እህትሽ ከፈለገች የእኔን ትሥራልኝ አሉ። ከዚያ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ስልካቸውን መጠየቅ እንደነበረብኝ የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። ፓርኩ እስኪከፈት ድረስ የት እንደማገኛቸው አላውቅም። እንዳይታመሙ እፈራለሁ፤ ማስካቸው ሁልጊዜ ከአፍንጫቸው ይወርዳል።

ትናንት እሁድ እማዬ ሥራ ስለገባች ቤተክርስቲያን የሄድኩት ከጋሼ ለማ ጋር ነው። ሐዊ ከፊት ቆማ ዘመረች። አየኋት። በሚቀጥለው እሁድ እማዬ ልታመሰግናት ከመሄዷ በፊት ልነግራት ይገባኛል። ዛሬ ከሥራ ስትመለስ እነግራታለሁ። አስቀድሜ ለአንቺ የጻፍኩት አንደኛ አንቺን ስለዋሸሁ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ መለማመጃ እንዲሆነኝ ነው። የምትቆጣኝ አይመስለኝም። ያን ሳቋን መልሼ የምወስድባት ግን ይመስለኛል፤ ከቁጣዋ ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ። አንቺም ብትቆጪኝ ተቆጪኝ፣ ዝም ብቻ እንዳትዪኝ። ስለ ቀረሽው ደግሞ ራስሽን አትውቀሺ። ብቻዬን መሆኔ በአንቺ አይደለም፣ አፌ ቶሎ አልከፈት እያለኝ ነው። የሐዊን የአንገት ልብስ ለራሷ ለሐዊ ልስጣት ወይስ ላስቀምጠው? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።

የእትዬ ፋንታዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የላኩት ሽሮ ከጋሼ ለማ ኮት የተረፈው ጣፍጦናል በያቸው። ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘርፌ፣ የልጃቸው የምህረት ሠርግ ፎቶ እንዳማረን ንገሪልኝ። ተስፋዬ አሁንም ደብተሬን ይዞ ከሆነ ይቅርለት፣ እሱንም ሰላም በይልኝ። ፍየሏን ጆሮዋን ሳቢልኝ። እማዬ ታቅፍሻለች፤ እኔ ደግሞ ከእሷ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳልለቅሽ አቅፍሻለሁ።

ፓርኩ የሚከፈተው በሚያዝያ ነው፣ ጊዜ አለሽ። ቢጫው ክር ካለቀ ሌላ ቀለም ይሁን፣ ሚስ ዶሪስ ግድ የላቸውም። ፊደሉ «ዶ» ነው።

እህትሽ ናርዲ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2014 ዓ.ም.