ከሙሉው የበለጠው ሙከራ

ውድ ወንድምዬ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ ስታናግረኝ አፌ እንደሚተሳሰር ታውቃለህ። ስለዚህ ሆዴ ውስጥ ያለውን እዚሁ ላውጣው።

ሐሙስ ዕለት ፕሮግራማችንን ከሚጠቀሙት ክሊኒኮች የአንዱ ነርስ ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቢሮ ገባች።

«እናንተ ሰዎች፣ ይሄ የቀጠሮ ፕሮግራማችሁ ወረቀቱ ላይ አንድ ቀን አሳልፎ ያትማል። የታመመ ልጅ አዝላ የመጣችን እናት ‹ቀጠሮሽ ትናንት ነበር› ስላት የምረገመው እኔ ነኝ!»

አለቃችን ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ «አይዞሽ፣ እሱ የሙከራው ነው። የታረመው ሙሉው ቨርዥን ወጥቷል» አሏትና ወደ እኔ ዞሩ። «በይ እንግዲህ፣ የወንድምሽ ወንበር ላይ የተቀመጥሽው ለጌጥ አይደለም። አድሺላት።»

አደስኩ። ኮምፒውተሩ «ያለኝ ይበልጣል» ብሎ ድርቅ አለ። ሌሎቹም ክሊኒኮች ደወሉ፤ ሁሉም ጋ ያው ነው።

ነርሷ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፓኬጅ፣ ፕሮግራሙ ታሽጎ የተላከበትን ፋይል፣ ከፈትኩት። ከመሄድህ በፊት የሠራኸው የመጨረሻው ነው። ቁጥሩ 2.0rc1 ይላል፤ rc ያልከው ሙከራ ለማለት ነው። ሞገድ የምትመስለው ምልክት የለችም።

ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩበት ሊኑክስ ከ2.0 ኋላ ፊደል ካየ «ይሄ ተጨማሪ ነገር አለው» ብሎ ከሙሉው 2.0 ያስበልጠዋል። ሙከራ መሆኑ የሚገባው 2.0~rc1 ብለን ሞገዷን ስናስገባለት ብቻ ነው። ያኔ ሙሉው ሲመጣ ሙከራው ቦታ ይለቃል። ገና ስለምድ ሞገዷን ብተዋት «ሙሽራውን ደጅ አስቀርተሽ ሚዜውን ዳርሽው» ብለህ ሆድህን ይዘህ ስቀህብኝ ነበር።

የድሮ ፓኬጆችህን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሙከራ የሆነ ሁሉ ሞገዷ አለችበት። የመጨረሻው ብቻ የለውም።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ረስቶት ነው፣ ወይስ…» አሉ። አልጨረሱትም። እኔ ግን በሆዴ ጨረስኩት፦ መልሰን እንድንጠራህ ሆን ብለህ ተውካት። የሄድክ ቀን ደረጃው ላይ «ይጠሩኛል፣ ታያለሽ፤ ያኔ የሚሆነው እኔ ያልኩት ነው» ብለኸኛል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ደግሞ፣ ነርሷ ገና ሳትመጣ፣ በስልክ «አዲሱ አልገባ አላችሁ እንዴ?» አልከኝ። ማን ነገረህ?

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ይህን ስለ አንተ ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ግን ማሰቤን ማቆም አልቻልኩም።

መላው አንድ ነበር፦ ከፊቱ ቁጥር መጨመር። 1:2.0 አልኩት። ያ አንድ ቁጥር ካለ ሊኑክስ ሌላውን ሳያይ ያስበልጠዋል። ክፋቱ፣ አንዴ ከገባ መቼም አይወጣም፤ ከእንግዲህ የሚመጣው ቨርዥን ሁሉ ተሸክሞት ይኖራል። ለሁሉም ክሊኒኮች ላክሁት። ገባ። ነርሷ «እሰይ የኔ ልጅ! ዝምታሽን አይቼ ንቄሽ ነበር» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

ጋሼ ግን አልተደሰቱም። አዲሱ መሥሪያ ቤትህ ስለ አንተ ታማኝነት እንዲጽፉለት ጠይቋቸዋል።

«አንቺ ታውቂዋለሽ። ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሴ ባይታዘዘኝም ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁም ቢሆን እሟገትልህ ነበር። አሁን «አላውቅም» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ ብለዋል።

ደውልልኝ። «ረስቼ ነው» በለኝ፤ ድምፅህን ስለማውቀው እውነት ከሆነ እለየዋለሁ። ለጋሼም ያኔውኑ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ግን ከሩቅ ሆነህ ወደ ቢሮው ሰርቨር የምትገባበትን የይለፍ ቃል ቀይሬዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም።

ስልክ አጠገብ የምትቀመጠው
እህትህ