ጋሼ ሰይድ ፎቶ ቤት አጥፍቼ የረሳሁት አንቲቫይረስ

ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቆቦ

ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ንጹህ ጨዋታ ኮምፒውተር ለምን ቫይረስ ነው ይለዋል? ከተመረቅሁ ጀምሮ የደከምኩበትን ግመል የመንዳት ጨዋታ ሐሙስ ዕለት ጋሼ ሰይድ ፎቶ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ስጭነው አንቲቫይረሱ ደመሰሰው። ፎቶ ሊነሣ የመጣው ሁሉ ሳቀብኝ። በእልህ አንቲቫይረሱን አጠፋሁትና እንደገና ጫንኩት። ተጋፍተው ተጫወቱ። ደስ ብሎኝ፣ መልሼ ሳላበራው ወጣሁ።

ትናንት አንድ አስተማሪ ፈተና ሊያሳትም ፍላሹን ሰካ። እውነተኛው ቫይረስ በዚያ ገባ። ገና ያልታተመው ከጎብዬ ከተማ የመጡት ሙሽሮች ፎቶ በሙሉ አልከፈት አለ።

ዛሬ ስደርስ አንዱ፣ "የዚህ ልጅ ግመል ነው ሙሽራዋን የበላት" እያለ ያስቃል። ጋሼ ሰይድ ተቆጡ።

"ወላሂ የሱ ንጹህ ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሠራው ነው። ልጄን አታሳፍሩብኝ።"

ጨዋታዬ ንጹህ መሆኑ እውነት ነው። ግን አንቲቫይረሱን ሳላበራው መውጣቴን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያዘዙልኝን ሻይ አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁ። ቤት ስገባ ይህን መልእክት ላክሁላቸው፦ "ጋሼ፣ አንቲቫይረሱን አጥፍቼ የረሳሁት እኔ ነኝ። ለሙሽሮቹም እኔው ልንገራቸው። ተቆጥተውም ቢሆን እባክዎ መልስ ይላኩልኝ።"